መጨረሻ የነካኸው ምንድን ነው?

ሞተሬ ዳገት እምቢ ያለችኝ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመጣ በአራተኛ ማርሽ የምጨርሰውን ዳገት በሁለተኛ እየጎተትኩ ወጣሁት። ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ቀደመኝ። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ክላክስ ቢያደርግብኝ ይሻለኝ ነበር።

መካኒክ አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ። ሞተሯን የገዛሁት ጠዋት ጠዋት የታክሲ ጥበቃ ሰልችቶኝ ነው። ህንድ ሰራሽ፣ 150 ሲሲ፣ ሁለተኛ እጅ። የሸጠልኝ ሰው ከመተማ ነው ያመጣት። ይቺን የመተማ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ማታ ማታ የምንቀመጥበት ቦታ አለ። ከአራዳ ብዙም አይርቅም። አንድ ጎሚስታ ቤት ነው፤ ከጎኑ ጀበና ቡና አለ፤ ከፊቱ ያረጁ የአይሱዙ ጎማዎች ወንበር ሆነው ተደርድረዋል። 11 ሰዓት ካለፈ ሰው መሰብሰብ ይጀምራል። ጎሚስታው ራሱ አለ። ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር አለ። ስልኩ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ቪዲዮ ሲያይ የሚያመሽ የባንክ ሰራተኛ አለ። ሁለት የባጃጅ ልጆች አሉ። አንድ ሽማግሌ ሹፌርም አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ሊማሊሞን በኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ተሳቢ አስከትለው የወጡና የወረዱ ሰው ናቸው። አሁን የሚነዱት ነገር የለም። ቡና ይጠጣሉ፣ ያዳምጣሉ።

ወሬው ሌላ ቦታ የኳስ ወሬ እንደሚሆነው ነው። ኮሮላ ዲኤክስ ይበልጣል ቪትዝ? ያማሃ ዲቲ ጠንካራ ነው ወይስ የግብርና ባለሙያዎች የሚነዷት ኤጂ 100? መልስ አይፈለግም። መልስ ከተገኘ ነገ ምን ሊወራ ነው?

እኔ ግን ያን ዕለት መልስ ፈልጌ ነው የሄድኩት።

«ሞተሬ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች» አልኩ። በቃ። ከዚህ ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ጠንቋይ ቤት እንደገባ ሰው እነሱ እንዲያውቁልኝ ነው የጠበቅኩት።

የአይሱዙ ሹፌሩ ሲኒውን ሳያስቀምጥ ፈረደ። «ፋሻ ጨርሳለች።»

ከባጃጅ ልጆቹ አንዱ፣ «የሃይላንድ ቤንዚን ቀድተህ ነው። ላምባ ነው ያጠጣሃት» አለኝ።

ጎሚስታው ሳቀ። «ቆላ የለመደች ሞተር እኮ ናት። መተማ ኖራ ጎንደር ስትመጣ አየሩ ይቀጥንባታል። በቅሎም ከቆላ ደጋ ስትወጣ ታለከልካለች።»

የባንኩ ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ» አለ።

አሁን ሳስበው ከባንኩ ሰውዬ በቀር ማናቸውም የማይሆን ነገር አልተናገሩም። ፋሻ፣ ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት፣ ሲያልቅ ጉልበት ይጠፋል። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ጉልበት ያጠፋል። የጎሚስታው የበቅሎ ቀልድም ቀልድ ብቻ አይደለም። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ሞተር የሚስበው አየር ባህር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። መተማ ግን ከ700 ሜትር ብዙም አትርቅም። ካርቡሬተር ያላት ሞተር ይህን አታውቅም። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አትቀንስም። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው ካንዴላዋ ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቷ ይወርዳል። አዳዲሶቹ ነዳጅ በሴንሰር የሚመጥኑት ደግሞ ልኩን ያስተካክላሉ እንጂ የጎደለውን አየር አያመጡም። ከዚህ የሚያመልጠው ቱርቦ ያለው ብቻ ነው። አይሱዙ ሹፌሩ ደባርቅ ድረስ ጭኖ ሲወጣ የማያማርረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶች ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለሊቱን ሳስብ አደርኩ። ጠዋት ከሦስቱ የሚያስፈራውን መረጥኩ። ሰው ሲጨነቅ የሚያስፈራው ነገር እውነት ይመስለዋል መሰለኝ።

ጋራዥ ሄጄ «ፋሻ ቀይርልኝ» አልኩ።

ሞተሯ ሦስት ቀን ተበትና ቆየች። ለፋሻ፣ ማሸጊያ ለሆነው ጓርኒሲዮንና ለእጅ 4,200 ብር ከፈልኩ። በአራተኛው ቀን ሳወጣት ድምጿ አማረኝ። እስከ አዘዞ ወረድኩ። ዞርኩ። ያው ዳገት ጋ ደረስኩ። ሁለተኛ ማርሽ።

መካኒኩን አልወቅስም። ምን ሆነች ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ፋሻ ቀይርልኝ ነው ያልኩት። ቀየረ። ሐኪም ቤት ሄዶ «ይህን መድኃኒት ስጡኝ» ያለ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይመለሳል፣ በሽታውንም ይዞ ይመለሳል።

ጋሼ ያን ሰሞን አልነበሩም። ዳባት ለቅሶ ሄደው ነበር። ሲመለሱ እኔ ጎማ ላይ ተቀምጬ ስለ 4,200 ብሬ አማርራለሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ እንዲህ ነው የተነጋገርነው። ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ለራሴ ደጋግሜዋለሁ።

«መቼ ጀመራት?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናታል ጋሼ።»

«ቀኑን ነው የጠየቅኩህ።»

አሰብኩ። «ሰኞ ጠዋት። ወደ ሥራ ስሄድ።»

«ከዚያ በፊት መጨረሻ የነካኸው ምንድን ነው?»

«ምንም አልነካሁም።»

«ምንም አይባልም። ዘይት? ካንዴላ? ጎማ?»

«አይ... ካቴና ብቻ አጥብቄያለሁ። ላልቶ ይንጫጫ ስለነበር። ራሴ ነኝ ያጠበቅኩት፣ ቅዳሜ።»

ጋሼ ቡናቸውን ጨለጡ። «ቁልቁለት ላይስ? ፍሪሲዮን ይዘህ ስትለቃት ትንደረደራለች?»

ይሄኔ ነው የደነገጥኩት። አትንደረደርም ነበር። ወደ አዘዞ ስወርድ ሳልፈልግ ነዳጅ እሰጥ ነበር። አይቼዋለሁ እኮ! ግን ዳገቱ ስላናደደኝ ቁልቁለቱን ለማንም አልተናገርኩም።

«ዳገት ላይ የደከመች ሞተር ብዙ ነገር ሊሆናት ይችላል» አሉ እየተነሱ። «ቁልቁለት ላይም የደከመች ግን የሚይዛት አለ።»

ከቡና ልጅቷ የእጅ ውሃ ያለበትን ጆግ ተቀበሉ። ወደ ሞተሬ ሄዱ። ገና ከመንገድ መግባቴ ነበር። ከኋላ ጎማ መሃል ያለችውን የፍሬን ቤት እያዩ ጎንበስ አሉ። በእጃቸው አልነኳትም። ጣታቸውን ውሃ ነክረው ጠብ አደረጉባት።

ቸስ አለች።

አንድ ጊዜ ደገሙ። ቸስ። ውሃው ሳይፈስ ተነነ። የባጃጅ ልጆቹ ተነስተው መጡ። ጎሚስታው የሚነፋውን ከመነዳሪ ጥሎ መጣ። ጋሼ ሞተሯን በመሃል እግሯ እንዳቆማት ነገሩኝ። ማርሽ አውጥቼ የኋላ ጎማውን በእጄ አሽከረከርኩት። ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለው፣ የፍሬኑ ሸራ ብረቱን ሲታከክ።

ከፍሬን ፔዳሉ ተነስቶ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። ጫፉ ላይ ዳዶ አለ። ጋሼ ዳዶዋን በጣታቸው አላሏት። ቁልፍ እንኳን አልያዙም። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። «አሁን አዙራት።»

አዞርኳት። ጎማው ዞረ። ዞረ። ዞረ። ካቴናው ተክ ተክ ተክ እያለ፣ እኛ ዝም ብለን እያየን ዞረ። ጎማ ሲዞር ማየት እንደዚያ የሚያስደስት አይመስለኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሞተር ያላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ካቴና ለማጥበቅ የኋላ ጎማውን ወደ ኋላ ትስቡታላችሁ። ፔዳሉ ግን ካለበት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በሁለቱ መሃል ያለው የፍሬን ዘንግ ይወጠራል። ፍሬኑን ሳትረግጡት የረገጣችሁት ያህል ይሆናል። ካቴና ባጠበቃችሁ ቁጥር የፍሬኑን ዳዶ መልሳችሁ ማላላት አለባችሁ። ፔዳሉ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በባዶ መውረድ አለበት። ካቴናውም ቢሆን እንደ ክራር ክር አይወጠርም። መሃሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱት እሱም ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር መጫወት አለበት። ጎማውን እያዞራችሁ በተለያየ ቦታ ለኩት፣ ያረጀ ካቴና አንድ ጋ ላልቶ ሌላ ጋ ይጠብቃል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታና ጥርስ ይበላል። እኔ በጣም አጥብቄው ነበር። የጠበቀ ነገር ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር።

4,200 ብር። መፍትሔው ግን አራት ዙር፣ ያውም በጣት።

ከዚያ ወዲህ ወሬውን የማዳምጥበት መንገድ ተቀየረ። ወሬው ራሱ ግን ያው ነው። ልብ ብዬ ሳይ፣ እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ሳይጠይቅ ይመልሳል። ሌላው ሳይመልስ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ ያለ እሱ ቡናው አይጣፍጥም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ሁለተኛውን ፈልጉ።

እናንተም ደግሞ አግዙት። እኔ ያን ዕለት የደበቅኩትን ልቁጠርላችሁ። ጭስ እንደሌላት አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም። ፋሻ ካለቀ ዘይት ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ዘይቱም ይጎድላል። የኔ ዘይት ልኩ ላይ ነበር። ጥቁር ጭስ ቢሆን ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። መኪና ላይ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ከሆነ ውሃ እየገባ ነው፣ ያኔ የቴስታታ፣ የሞተሩ ራስ፣ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ካንዴላዋንም ከሳምንት በፊት ፈትቼ አይቻታለሁ። ቀለሟ ማክያቶ ነበር። ጥላሸት የለባትም። ይህን ብናገር ኖሮ የጎሚስታው የበቅሎ ነገር በዚያው ይወድቅ ነበር። የመተማው ሰውዬ ካርቡሬተሩን እዚህ አምጥቶ አስተካክሎት ኖሯል።

ስለዚህ አሁን ስልኬ ላይ ማስታወሻ አለኝ። ዘይት የቀየርኩበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የነካሁት ብሎን ሳይቀር። ተማሪዎቼ ቢያዩት ይስቁብኛል። ጋሼ ግን ወደውታል።

ስለ ላምባው የተናገረው ልጅ ደግሞ በኔ ላይ ተሳሳተ እንጂ ወሬው መሬት የሚወድቅ አይደለም። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋና ሰልፉ ሲረዝም በሃይላንድ የሚሸጥ ይገዛል፤ ሁላችንም ገዝተናል። የሚለይበትን መንገድ ያሳየኝ እሱ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ታደርጋላችሁ። ቤንዚን ከሆነ ቶሎ ተንኖ ወረቀቱ ደረቅ ይሆናል። ላምባ ወይም ናፍታ ካለበት የቅባት ምልክት ይቀራል። መዳፍ ላይም ይሠራል፤ ቤንዚን ሲተን ይቀዘቅዛል፣ ላምባ ያለበት ግን ያሙለጨልጫል። ልጁ ይህን ሊያሳየኝ ጠርሙሱን የከፈተው ከቡናው ከሰል ሁለት እርምጃ ላይ ነው። የቡና ልጅቷ በማራገቢያዋ አባረረችው። እውነቷን ነው። ከእሳት ርቃችሁ ሞክሩት።

አንድ ነገር ግን ጋሼ በጨዋታ አያልፉም። ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መውረድን።

መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ከአይሱዙ ሹፌሩ ጋር እስከ አዲ አርቃይ ወርጄ ነበር። ጎንደርን ለቀን፣ አምባ ጊዮርጊስን በብርዱ አልፈን፣ በዳባት አድርገን፣ 100 ኪሎ ሜትር ሄደን ደባርቅ ገባን። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ በኋላ ሊማሊሞ ነው። ጣሊያኖች የቆረጡት መንገድ ነው፣ ገደሉ ላይ እንደ መቀነት ተጠምጥሟል። ሹፌሩ ገና ሳይወርድ ቆመ። በሁለተኛ ማርሽ አስገባና ጀመረ። ቀርፋፋ ነው። ሞተሩ ይጮኻል። ከኋላ ያሉት ክላክስ ያደርጋሉ። እኔ ትዕግሥቴ አለቀና «ኧረ ትንሽ ፍጠን» አልኩት።

«ጋሼ ያሉትን አልሰማህም?» አለኝ። «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ነው የሚሉት።»

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ዳር ይዞ ቆሞ አገኘን። ጎማዎቹ መሃል ጭስ አለ። ሽታው ከመኪናው ቀድሞ ነው የደረሰን፤ የተቃጠለ ሸራ። ሹፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ረዳቱ ጎማ ስር ድንጋይ ይከታል። አልወደቀም፣ ተመስገን። ግን ከዚያ በኋላ ፍጠን አላልኩም።

ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው የመኪናውን ክብደት በሙሉ ፍሬን ላይ ነው የሚጭነው። ሸራው ይግላል። ሲግል መያዝ ያቆማል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ሳይቀየር ሲቆይ ውስጡ ውሃ ይይዛል። ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ይጨመቃል፣ ዘይት ግን አይጨመቅም። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጡት ስፖንጅ የረገጣችሁ ያህል እስከ ወለሉ ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። እዚህ ሰው የሞተር ዘይት በሰዓቱ ይቀይራል፣ የፍሬን ዘይት ግን ሲጎድል ይሞላል እንጂ አይቀይርም። ቆጣቢነቱም እንደሚመስለው አይደለም። ነዳጅ በኮምፒውተር የሚመጥን መኪና በማርሽ ላይ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ መርጨቱን ያቆማል። በዜሮ ሲሆን ነው እንዳይጠፋ ነዳጅ የሚጠጣው።

ይህ ከባድ ከባዱ ነው። አብዛኛው ምሽት ግን ቀላል ወሬ ነው። አንድ ቀን ሙሉውን ምሽት በቮልስና በሴይቼንቶ ተከራከርን። ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው። ሴይቼንቶ፣ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣት፣ በውሃ ነው የምትቀዘቅዘው። ቮልስ ግን በአየር። የባጃጅ ልጆቹ ሴይቼንቶ ዳገት ላይ ትፈላለች የሚለውን ከአባቶቻቸው ነው የሰሙት። ጋሼ እዚህች ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። ጎንደር ላይ ውሃ ቶሎ ነው የሚፈላው። ልክ ናቸው። በእኛ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ሥራው ይኸው ነው፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ክዳኑ ላስቲኩ ካለቀ ውሃው ሙሉ ሆኖም መኪናው ይፈላል። የአይሱዙ ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። በማግስቱ ክዳን ሲገዛ አይቼዋለሁ። ቮልስ ያሸነፈችው በሌላ ነው፤ ውሃ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ማምረቱ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። «21 ሚሊዮን ሰው አይሳሳትም» አለ ጎሚስታው። ክርክሩ በዚህ አለቀ ብላችሁ እንዳታስቡ።

ሌላ ቀን ደግሞ የቃላት ነገር ተነሳ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ጎሚስታ። ሁሉም የጣሊያን ናቸው። ከመነዳሪ እንኳን የአየር ክፍል ማለት ነው። ካንዴላ ሻማ ነው። ጣሊያን ከጎንደር የወጣው በ1934 ዓ.ም. ህዳር ላይ ነው፤ ፒያሳ ላይ ሕንጻዎቹን ትቶ ሄደ፣ በኮፈኑ ስር ደግሞ ቃላቱን። የባጃጁ ልጅ አላመነም። «ካቴና አማርኛ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። «አያቴም ካቴና ነው የሚሉት።» ምን ትሉታላችሁ?

የባንኩ ሰውዬ አልተለወጠም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ይባስ ብሎ ልቡ አብጧል። ግን አንድ ምሽት ጋሼን ራሱ ዝም አሰኛቸው። «ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ መኪና አየር አይስብም። ስለዚህ ደባርቅ ወጣ ጎንደር ቀረ፣ ጉልበቱ ያው ነው» አላቸው። «ሊማሊሞን ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ፍሬኑም አይግልም።»

ጋሼ ለረጅም ጊዜ አሰቡ። «እየወረደ ይሞላል?»

«አዎ። የወጣበትን ሁሉ አይመልስም፣ ግን ይሞላል።»

«ደባርቅ ላይ ሞልቶ ከወጣስ? ሲወርድ ወዴት ይሞላዋል?»

የባንኩ ሰውዬ ስልኩን አየ። ጥያቄው ልክ ነበር። ባትሪው ጢም ካለ የሚቀበለው ነገር የለውም፣ ሥራው ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። በኤንትሬ ዘመን የተማሩ ሰው፣ ነድተውት የማያውቁትን መኪና ድክመት በአንድ ጥያቄ አገኙት።

ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ካላችሁ፣ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር አንድ በአንድ ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ አስነሱት፤ ሻጭ አሙቆ ከጠበቃችሁ ለምን በሉ። ደግሞ ያለ ነዳጅ በሜዳ ላይ ገፋ አድርጓት። እኔ አሁን የማንንም ሞተር መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። ትንሽ ገፍቼ እለቃታለሁ። ሰዎች ያበድኩ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ መጣ። አዲስ ፊት ነው። ሞተሩን እየገፋ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ። «ሞቅ ስትል ትጠፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች» አለ።

የአይሱዙ ሹፌሩ ሲኒውን ሳያስቀምጥ፣ «ፋሻ ናት» አለ።

«ላምባ ነው» አለ የባጃጁ ልጅ።

ጎሚስታው አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ቀደምኩ። «መቼ ጀመራት?»

«ትናንት ማታ።»

«ከዚያ በፊት መጨረሻ የነካኸው ምንድን ነው?»

«ምንም።» ትንሽ አሰበ። «ካንዴላ ብቻ ነው የቀየርኩት።»

ጋሼ ከጎማቸው ላይ ሆነው፣ ሲኒያቸውን እያዩ ሳቁ። «ብቻ!» አሉ። ጎሚስታው የካንዴላ ቁልፍ ሊያመጣ ገባ።